ሲስተር መቁረጫ ስትመርጥ

በየቤተሰቡ አደጋ ሲደርስ ቀድሞ የሚደርስ አንድ ሰው አይጠፋም። ችግሩ፣ ይህ ሰው አደጋ ሳይደርስም ይደርሳል። ልብስ ሰፊው እንዲህ ያለችውን ሴት አግብቶ ሃያ ሰባት ዓመት ኖሯል። እሱ ቀኑን ሙሉ ይሰፋል፣ እሷ ቀኑን ሙሉ ትቆርጣለች።

ሰፈሩ በሙሉ “ሲስተር” ነው የሚላት፤ የሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ነርስ ናት። ቦርሳዋ ውስጥ ማበጠሪያ ፈልጎ የሚያገኝ የለም። ጓንት፣ ፋሻ፣ የእጅ ባትሪ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የቁስለኛ ልብስ መቁረጫ ግን አይታጣም። ገበያ ስትሄድ አለ፣ ሠርግ ስትሄድ አለ፣ ቆሻሻ ልትደፋ በር ድረስ ብቅ ስትልም ኪሷ ውስጥ አለ። “ልብስ እንደሁ ይሰፋል” ትላለች ሁልጊዜ። ማን እንደሚሰፋው የታወቀ ነው።

አንድ እሑድ ጎረቤታቸው የመኪና አሠልጣኙ እነሱ ቤት ምሳውን በልቶ ሶፋው ላይ ጋደም አለ። አተነፋፈሱ ሲስተርን አላማራትም። “ኧረ ቆይ” የሚላት ሳይገኝ ክራቫቱን ከአንገቱ ሥር ቆርጣ፣ ሸሚዙን እስከ እምብርቱ አወረደችው። ሰውየው ዓይኑን ሲገልጥ ደረቱ ራቁቱን ነው፣ እሷም የልብ ምቱን ትቆጥራለች።

“ደህና ነህ” አለችው፣ ትንሽ ቅር እያላት።

ተኝቶ ነበር። ሸሚዙ በዚያው ዕለት ወደ ልብስ ሰፊው ሱቅ ተላለፈ፤ ክራቫቱ ግን ከእንግዲህ ለማንም የሚሆን አልነበረም።

ባለፈው ዓመት የድሮው መቀሷ ዶለዶመና ክብርት ሲስተር አዲስ መቁረጫ ሊመርጡ ተነሡ። ከዚያ ወዲያ ቤቱ ሰላም አጣ። ሌላው ሰው ጫማ ለመግዛት አንድ ከሰዓት ይበቃዋል፤ እሷ አራት ወር ፈጀች። ጫፉ ሹል የሆነ ቁስለኛውን ይወጋል፣ ወዲያ! ጓንት አድርገው በአንድ እጅ የማይጠቀሙበት፣ ወዲያ! የመኪና ቀበቶ ላይ ሲደርስ የሚያንገራግር፣ እሱም ወዲያ! ለሙከራው አሮጌ ቀበቶ ከጋራዥ ለምና አመጣች። ጨርቁ ግን ከባሏ ሱቅ ነበር።

“ኧረ ሴትዮ፣ ያ ቁርጥራጭ አይደለም፣ የሰው ሱሪ ነው።”

“መች አለቀና?”

“ሊያልቅ ነበር እኮ።”

በመጨረሻ አውራ ጣት የምታህል መንጠቆ መረጠች። ምላጩ በመንጠቆዋ ጉሮሮ ውስጥ የተደበቀ ስለሆነ ቆዳ አትነካም። ቀበቶ በመቁረጥ ግን ከሁሉም የፈጠነችው ይህች መንጠቆ አልነበረችም። ልብስ ሰፊው ይህን ታዝቧል፤ ነገር እንዳይቀሰቅስ ብሎ ወደ ስፌቱ ተመለሰ።

እሱም በዚያው ሰሞን የራሱ ጭንቅ ነበረበት። ልጃቸው ልትመረቅ ነው። ሰውየው ልብስ ሰፊ ሆኖ ለራሱ ሰፍቶ አያውቅም፤ ደንበኛ ረስቶት የቀረውን እያጠበበ ሲለብስ ነው የኖረው። ለዚህ ቀን ግን ጥቁር ሰማያዊ ኮት ሁለት ወር ሙሉ በእጁ ሰፋ። ልጅቷም “አባዬ፣ ያለዚያ ኮት ፎቶ አልነሣም” ብላዋለች። ኮቱን ሲሞክር እንኳ ከሲስተር ቦርሳ ራቅ ብሎ ነበር።

በምረቃው ዕለት ጠዋት የሚኖሩበትን ሕንፃ ደረጃ ሲወርዱ እግሩ አዳለጠው። ስድስት ደረጃ ተንከባልሎ በቀኝ ትከሻው አረፈ። ሲስተር አጠገቡ ስትደርስ ትከሻው ከቦታው ወጥቷል፣ ፊቱም አመድ መስሏል።

“ኮቱ መነሣት አለበት” አለች፣ ቦርሳዋን እየከፈተች።

“ራሴ አወልቀዋለሁ።”

“ክንድህን እንዳታንቀሳቅስ! ደም ሥሩ ይጎዳል።”

“በልጃችን ይዤሻለሁ፣ የዛሬን ብቻ ተይኝ።”

“ዓይንህን ጨፍን።”

ጨፈነ። እውነቱን ለመናገር፣ ከሕመሙ ይልቅ የፈራው የመቁረጫዋን ድምፅ ነው። ድምፁ ከእጁ አንጓ ተነሥቶ ብብቱ ድረስ ወጣ፣ ትከሻውን ዞረ፣ አለቀ። የሁለት ወር ልፋት በሁለት ትንፋሽ።

ሆስፒታል ትከሻው ወደ ቦታው ተመልሶ፣ ክንዱ በፋሻ አንገቱ ላይ ከታሰረለት በኋላ ኮቱን ጉልበቱ ላይ አኖሩለት። ፈራ ተባ እያለ ገለጠው። እጅጌው ተነጥሏል። ጨርቁ ግን አልተነካም። ስፌቱን፣ ስፌቱን ብቻ ተከትላ ሄዳለች፤ የብብቱን ክብ ዞራ፣ ገበሩን እንኳ ሳትቀድ። እሱ ራሱ ቁጭ ብሎ ቢተረትረው ከዚህ የተሻለ አያወጣውም።

“ለሁሉም ሰው እንዲህ ነው የምትቆርጪው?”

“ጊዜ ከየት አምጥቼ? እንደመጣልኝ ነው የማወርደው።”

“ታዲያ ይሄስ?”

ሲስተር መንጠቆዋን በአልኮል መጥረግ ጀመረች።

“ሌሎቹ መቁረጫዎች ይፈጥናሉ፤ ብብት ላይ ሲደርሱ ግን ስፌቱን ተከትለው አይዞሩም። አራት ወር የለፋሁት ለእሱ ነው። አንድ ቀን ያንተ ተራ ይደርሳል ብዬ ስፈራ ነበር።”

ከሰዓት በኋላ ምረቃው ላይ ኮቱን ደርቦ ተገኘ፤ የተነጠለው እጅጌ በአራት መርፌ ቁልፍ ተይዟል። ያየው ሁሉ “ትከሻህን ምን ሆንክ?” ይለዋል። እሱ ግን በደህና እጁ ኮቱን ገለጥ እያደረገ “ትከሻውን ተዉትና፣ እስቲ ይሄን አቆራረጥ እዩልኝ” ይል ነበር።