ሽማግሌ የተላከበት መንገድ

ጠረጴዛ የሌለው ሰው የከተማ ፕላን መማር የለበትም። ሕግ ይማር፣ ታሪክ ይማር፤ ጭኑ ላይ ጽፎም ይመረቃል። ከተማ ግን ጭን ላይ አይዘረጋም።

እኔ ይህን ያወቅሁት ዘግይቼ ነው። ጊዜው የደርግ ነው። ጎፋ ውስጥ አንዲት የቀበሌ ክፍል ተከራይቼ እኖራለሁ። ክፍሏ ጠባብ ከመሆኗ የተነሳ በሩን ለመዝጋት አልጋ ላይ መውጣት ነበረብኝ። እንግዲህ እዚያች ውስጥ ነው ለሁለተኛ ዲግሪዬ ከተማ የማሰፋው! የመመረቂያ ሥራዬ ከጎፋ ተነስቶ በሀና ማርያም በኩል ለቡ የሚደርስ ሰፊ መንገድ ነበር። ያኔ ለቡ ጤፍ የሚዘራበት ነው። መንገዱ ማንን ከማን ሊያገናኝ ነው አትበሉኝ፤ መምህሬም ይህንኑ ጠይቆኛል።

የጨነቀው እርጉዝ ያገባል ይባል የለ? የእድራችን ዳኛ ጋሽ ተሰማ ዘንድ ሄድኩና የእድሩን ረጅም ጠረጴዛ ያውሱኝ አልኳቸው። ለምንህ ነው አሉኝ። ከተማ ልሠራበት ነው አልኩ። ትኩር ብለው አዩኝና፣ ውሰደው፣ ሰው ሲሞት ግን ትመልሳለህ አሉኝ።

አልጋዬን አፈራርሼ ግድግዳ አስደገፍኩ። ቀን ጠረጴዛው ላይ እነድፋለሁ፣ ማታ ከሥሩ ፍራሽ ዘርግቼ እተኛለሁ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ለሠፈሩ ሰው ጤና እንደኔ የጸለየ ያለ አይመስለኝም። በተለይ ጋሽ ወርቁ የሚባሉ ሽማግሌ ሳል ነበረባቸው። ሲያስሉ በሰማሁ ቁጥር ዝንጅብል ይዤ ከተፍ እላለሁ። ምን ዓይነት ደግ ልጅ ነው፣ የወለደች ትባረክ፣ ይሉኝ ነበር። ደግነቴን እኔና ጠረጴዛው ነን የምናውቀው።

ጋሽ ወርቁ ዝንጅብሉንም እኔንም ትተው ሞቱ። ያውም ሥራዬን ላስረክብ ሳምንት ሲቀረኝ፣ ትምህርት ቤት በዋልኩበት ቀን። ቁልፌን የማስቀምጠው ጎረቤቴ እትዬ ብርቄ ጋ ነው። የእድሩ ሰዎች ሲመጡ እሳቸው ከፈቱላቸው። ሰዎቹም ጠረጴዛውን እንዳለ፣ ንድፌ በአራቱም ማዕዘን እንደተለጠፈበት፣ አንስተው ሄዱ። ልቅሶ አይጠብቅማ።

ስመለስ ቤቴ ባዶ ነው። እየሮጥኩ ድንኳኑ ጋ ደረስኩ። ግን ልቅሶ ቤት ገብቶ ዲግሪዬን አምጡ ይባላል? አንገቴን ደፍቼ ተቀመጥኩ። ንፍሮ ዘገኑልኝ። ቀና ስል ጠረጴዛው መሃል ላይ ነው። ሀና ማርያም ላይ የንፍሮ ትሪ ተቀምጧል። ለቡን ውሃ አጥለቅልቆታል። እንባዬ ዱብ ዱብ አለ። የሟች ዘመዶች ሳይቀሩ ዞረው አዩኝ። አንዲት እናት፣ ዝንጅብል ያመጣላቸው የነበረው ልጅ እኮ ነው ብለው አብረውኝ አነቡ። ጋሽ ወርቁ ነፍሳቸውን ይማርና፣ የዚያን ቀን ከማንም በላይ ያለቀስኩላቸው እኔ ነኝ።

ድንኳን ውስጥ የሚቀመጥ ሰው ደግሞ ዓይኑን የሚያሳርፍበት ይፈልጋል። አንዱ ትሪውን ገፋ አድርጎ ወንዙን አገኘው። ሌላው ቤተ ክርስቲያኑን አገኘ። ቀጥሎ ሁሉም የየራሱን ቤት ፍለጋ ገባ። በመጨረሻ መንገዱን ያሰመርኩበትን ቀይ መስመር አዩት። መስመሩ የሚያልፈው በእትዬ ብርቄ ቤት ላይ ነበር።

እዚህ ላይ አልሳቅኩም፤ እናንተም አትሳቁ። እትዬ ብርቄ ባላቸው ከሞቱ በኋላ ሁለት ቤት ነበራቸው። አዋጁ ሲወጣ አንደኛው ትርፍ ቤት ነው ተብሎ ተወሰደባቸው። ያኔም የመጣው ሰው ወረቀት ይዞ ነበር። የቀረቻቸውን አንዲቱን ደግሞ እኔ፣ ያውም ቁልፌን የሚጠብቁልኝ ጎረቤታቸው፣ በቀይ ቀለም ሰንጥቄያታለሁ። እባብ ያየ በልጥ በረየ፤ ይፈረድባቸዋል? በማግስቱ ቁልፌን በሰው እጅ ላኩልኝ። ሰላምታም ነሱኝ። ከተበላሸው ንድፍ ይልቅ ያ ነው ያመመኝ።

የትምህርት ቤት ወረቀት ነው፣ ማንም አይሠራውም ብዬ ለሠፈሩ ማልኩ። ማን ይመነኝ? መንግሥት ለማይሠራው መንገድ ደሞዝህን እየከፈለ ያስተምርሃል ወይ አሉኝ። እኔም ሳስበው ግራ ገባኝ።

እሑድ ጠዋት በሬ ተንኳኳ። ስከፍት ሦስት ሽማግሌዎች ጋቢያቸውን ለብሰው ቆመዋል። ሚስት ሊያጩልኝ የመጡ መስሎኝ ልቤ ደነገጠ። ግቡ አልኩ፤ መግቢያ የለም። ተቀመጡ አልኩ፤ መቀመጫ የለም። ጋሽ ተሰማ፣ ጉዳያችን ሳይፈጸም አንቀመጥም ብለው ከችግር ገላገሉኝ። ጉሮሯቸውን ጠረጉና፣

«ልጄ፣ የመጣነው ለቀዩ መስመር ነው። ብርቄ ሌላ ቤት የላትም። መንገዱን አትሥራ አላልንህም፣ መንገድ መንገድ ነው። ብቻ እሷ ጋ ሲደርስ ትንሽ ዘወር በልላት» አሉ።

እንግዲህ ፍረዱኝ። መንገድ ያለ ምክንያት አይጎብጥም ተብዬ ነው የተማርኩት። ይህን ለሽማግሌ እንዴት ብዬ ላስረዳ? እሺ አልኩ። ተመራርቀን ተለያየን። ልቅሶው ሲያበቃ ከጠረጴዛው ነቅዬ ያመጣሁትን፣ ንፍሮ ያረጠበውን ወረቀት አደረቅሁ፣ ቀዩን መስመር በምላጭ ፍቄ አነሳሁ፣ መንገዱም እትዬ ብርቄ ደጃፍ ሲደርስ እጅ ነስቶ ዞረ። ማታውኑ እትዬ ብርቄ ትኩስ ዳቦ ይዘው መጡ። ቁልፌንም መልሰው ተረከቡኝ።

የፈተናው ቀን ደረሰ። ከወዳጅ ሶሻሊስት አገር የመጣው መምህር ንድፉን ወዶታል። ለቡ ላይ ያለውን የውሃ እድፍ ሐይቅ መስሎት አመሰገነኝ። ከዚያ ጣቱን ጉብጠቱ ላይ አሳረፈ። ይህ ለምን ጎበጠ አለኝ። ያጠናሁት እንግሊዝኛ ሁሉ ጠፋ። ወደ አበሻው ፈታኝ ዞርኩና በአማርኛ፣ «ሽማግሌ ተልኮብኝ ነው» አልኩ።

ሰውዬው ሳቁን ዋጠ። ከዚያም ለፈረንጁ፣ ጉብጠቱ ከሰፊው ሕዝብ በቀረበ ጥያቄ የተደረገ ነው አለው። በዚያ ዘመን ሰፊው ሕዝብ ያጎበጠውን ማን ደፍሮ ያቀናል? ፈረንጁ እጄን ጨበጠኝ። አለፍኩ።

እየበረርኩ መጥቼ ለእትዬ ብርቄ ነገርኳቸው። እልል አሉና እጄን ይዘው ወደ ጓሮ ወሰዱኝ። የጭቃውን ግድግዳ ቀድደው፣ እኔ መንገዱን ባዞርኩበት በኩል አዲስ በር አውጥተዋል። መደርደሪያም አሠርተዋል። መንገደኛ ሲበዛ ሻይና ዳቦ ሊሸጡ ነው። ከበሩ ፊት ለፊት ግን ሣርና የታሰረ በግ ብቻ ነው የሚታየው።

«መቼ ይመጣል ታዲያ?» አሉኝ።

እንደማይመጣ ቀስ ብዬ ነገርኳቸው። ለፈተና ብቻ እንደነበረም ጨመርኩ። በሩን አዩት። መንገዱ ቤታቸውን ሊያፈርስ ነው ብለው ሲያኮርፉኝ እንኳ ፊታቸው እንደዚያ አልጠቆረም ነበር። በሩን ይድፈኑት ማለት አቃተኝ። የመጀመሪያውን ሻይ እዚያው ቆሜ እኔው ጠጣሁ።

በሳምንቱ እሑድ በሬ ተንኳኳ። እነዚያው ሦስት ሽማግሌዎች ናቸው። ጋሽ ተሰማ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ልጄ፣ ከዚህኛው በላይ ሌላ ዲግሪ አለ አሉ። እባክህ እሱንም ተማርና መንገዱን አስመጣልን» አሉኝ።

እምቢ ልል ቀና ስል፣ የእድሩን ጠረጴዛ አስመጥተው ከኋላቸው አቁመውታል።