የጊዮርጊስ ልጆችና የመኪናዬ ካሜራ

ምስክር የማይወድ ሰው የለም። ስንጣላ ምስክር እንጠራለን፣ ስንዋዋል ምስክር እናቆማለን፣ ስንምልም ሰማይና ምድርን አናስቀርም። ይህ ፍቅራችን ግን ልክ አለው። ምስክሩ የሌላውን ሰው ጥፋት እያየ እስከቆመ ድረስ ብቻ ነው። ፊቱን ወደ እኛ ያዞረ ዕለት «ምን አገባው?» እንላለን። እኔም ብያለሁ። ለዚያውም በገዛ እጄ ገዝቼ፣ በገዛ መኪናዬ ላይ ያስገጠምኩትን ምስክር።

ነገሩ የመጣው በባጃጅ ነው። ደብረ ማርቆስ መሀል አንድ ባጃጅ ወደ ኋላ እየመጣ የቆመች መኪናዬን ገጨ። ሾፌሩ ወረደና «ምነው ጋሼ፣ ቀስ ብለው ቢነዱ!» አለኝ። የቆመ ሰው ከዚህ በላይ እንዴት ቀስ ይበል? ዙሪያችንን የከበበው ሰው ግን እሱን አመነ። ስለጮኸ።

ስለዚህ ካሜራ ገዛሁ። ከፊት መስታወቱ ላይ የሚለጠፍ፣ መንገዱን የሚቀርጽ፣ ድምፅም የሚይዝ፣ ከክብሪት ቀፎ ብዙ የማይበልጥ ዕቃ። የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛው አንዷለም ሽቦውን በጣሪያው ጨርቅ ሥር ደብቆ እስከ ፊውዝ ሳጥኑ አወረደውና ቀና ብሎ ጠየቀኝ።

«ቀጥታ ይሁን በቁልፍ?»

«ቀጥታ ነው እንጂ! ጠማማ ነገር አልወድም» አልኩት።

ሰውዬው የጠየቀኝ ስለ ሽቦ ነበር። እኔ ስለ ጠባዬ መለስኩለት።

በሦስተኛው ቀን ለታናሽ ወንድሜ ለደመላሽ ሽማግሌ ይዤ ጉንደ ወይን ሄድኩ። ደመላሽ ከአንዲት የጉንደ ወይን ልጅ ጋር ሁለት ዓመት ተዋዶ፣ ሚስት ትሆነው ዘንድ አባቷን ማስጠየቅ ብቻ ነበር የቀረው። ሽማግሌዎቹ ሦስት ናቸው። አለቃቸው መሪጌታ ስመኘው፣ ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት ለእኔም ሽማግሌ የነበሩ፣ ቅኔ ሲያስተምሩ ያረጁ ሰው። ከልጅቱ ቤት ደጅ ፊት ለፊት ከባሕር ዛፍ ሥር አቆምኩ።

«አንተ ወደዚያ ሂድ» አሉኝ መሪጌታ። «የወንዱ ወንድም ደጅ ላይ አይገተርም። እኛ ነገራችንን አሰናድተን እንገባለን።»

ቁልፌን ነቅዬ ሻይ ልጠጣ ሄድኩ። ከአንድ ሰዓት በላይ ቆይቼ ስመለስ ሦስቱም መኪናው ውስጥ ናቸው። ፊታቸው ጠቁሯል።

«ልጃችን ገና ትማራለች አሉን» አሉ መሪጌታ። ወደ ደብረ ማርቆስ መለስኳቸው።

ማታውኑ ልጅቱ ለደመላሽ ደወለች። «አባቴ ጋቢውን ለብሶ ሲጠብቅ ዋለ! ማን መጣና ነው እምቢ ያለው?» አለችው። ደመላሽ ሦስት ጨዋ ሽማግሌ ከሚዋሽ አንዲት ልጅ ብትዋሽ ይቀላል ብሎ ስልኩን ዘጋባት። ከዚያ ወዲያ እህል አልቀምስ አለ። እናንተስ ማንን ታምኑ ነበር? እኔም ሽማግሌዎቹን አመንኩ። ጥምጥም ጠምጥሞ የሚዋሽ ሰው አስቤ አላውቅም።

መኪናዋን ሁለት ቀን ሳላንቀሳቅስ ቆይቼ ላስነሳ ብል ባትሪው ሞቷል። አንዷለም መጥቶ አየና ሳቀብኝ።

«ቀጥታ ነው ያልከኝ! ቁልፉን ብትነቅልም ባትነቅልም ይሠራል። ሌት ተቀን ሲቀርጽ ነው የከረመው።»

ቁልፉን ብነቅልም?

ሚሞሪውን አውጥቼ ወደ ቤት ሮጥኩ። እናቴ ከጎኔ ምስር ትለቅማለች። ኮምፒውተሩ ላይ የታየው የልጅቱ ቤት ደጅ ነው። የተዘጋ የቆርቆሮ በር። አንዲት ጥጃ አለፈች። በሩ እንደተዘጋ ነው። አንድ ሰዓት ሙሉ ማንም አልከፈተውም፤ ማንም አላንኳኳውም። ድምፁ ግን ነበር።

«እስቲ ሳንገባ የልጅቱን ዘር እንቁጠር» ይላሉ መሪጌታ።

አንደኛው ሽማግሌ ይቆጥራሉ። «… ስድስተኛው ወልደ ጊዮርጊስ፣ የአምበር ሰው።»

ሁለተኛው ጣልቃ ይገባሉ።

«የደመላሽ እናት ቅድመ አያትስ ወልደ ጊዮርጊስ አይደሉም እንዴ?»

«እሳቸው ናቸዋ!»

«በስመ አብ! ሰባት ቤት ሳይሞላ! ዘመዳሞች ናቸው!»

«አሁን ምን ይባላል?»

«ትማራለች አሉን ይባላል» አሉ መሪጌታ። «ሁለት ዓመት የተዋደዱ ልጆችን ዘመድ ናችሁ ብለን አንገት አናስደፋም።»

በውሸታቸው ልናደድ ወይስ በደግነታቸው ላልቅስ? ከሁለቱ አንዱን ሳልመርጥ እናቴ ምስሩን በተነችው።

«ውሸት! የእኔ ቅድመ አያት የሮብ ገበያው ወልደ ጊዮርጊስ ናቸው። የአምበሩን ማን ሰጣቸው? የጊዮርጊስ ልጅ አንድ ብቻ መሰላቸው?»

እውነቷን ነው። በዚህ አገር የክርስትና ስም «ወልደ ጊዮርጊስ» ብላችሁ ገበያ መሀል ብትጠሩ ግማሹ ወንድ ዞር ይላል።

«እማዬ፣ ይህን ለምን እስከ ዛሬ አልተናገርሽም?»

«ማን ጠየቀኝ?»

ለካ የእናቴን ዘር የጠየቁት አባቴን ነው፤ ነፍሱን ይማረውና።

ኮምፒውተሩን ታቅፌ መሪጌታ ቤት ሄድኩ። ሦስት አዛውንት ሳያውቁ ድምፃቸውን ቀድቼ ደጃቸው ስሄድ ምን ብዬ እጀምራለሁ? አልጀመርኩም። ከፈትኩላቸው። መሪጌታ አማተቡ።

«ይህ የእኔ ድምፅ ነው?»

«አዎ መሪጌታ።»

«እንዲህ ነው የምናገረው?» ለጥቂት ጊዜ ከውሸታቸው ይልቅ ድምፃቸው ያሳፈራቸው መሰለ። ወዲያው የእናቴን ቃል ስነግራቸው ግን ፊታቸው በራ። «እግዜር ይስጣት! እንግዲያው ዝምድና የለም። ልጁ ይዳራል!» ብለው ዘንጋቸውን ለማንሳት ብድግ አሉ። ብድግ እንዳሉ ቀሩ።

«ቆይ። የአንተዋ ይታይሽ… የማን ዘር ናት?»

ባለቤቴ ናት ይታይሽ። የሮብ ገበያ ልጅ። አያቶቿን ለመቁጠር አፌን ከፈትኩ። አምስተኛው ላይ ስደርስ አፌ እንደተከፈተ ቀረ።

ወልደ ጊዮርጊስ።

«ያን ጊዜ የእናንተው የአምበሩ ናቸው፣ የእሷ የሮብ ገበያው ናቸው ብለን አሳለፍናችሁ» አሉ መሪጌታ፣ ተመልሰው እየተቀመጡ። እኔም ተቀመጥኩ። ማንም ተቀመጥ አላለኝም።

ስህተቱ አንድ ነው። እኔን ዳረኝ፤ ወንድሜን ከለከለው። ሲታረም ወንድሜን ይድራል፤ እኔን ደግሞ ከአሥራ ሁለት ዓመት በኋላ የሚስቴ ዘመድ ያደርገኛል።

«በቁርባን ተጋብታችኋልና ላፋታችሁ አልችልም» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። ካሜራው አጠገባችን ያለ ይመስል። «አውቄ ፈቀድኩ እንዳልልም አላወቅሁም። ጉንደ ወይን ሄጄ በሰው ፊት በትክክል ከቆጠርኩ ወሬው ሮብ ገበያ ይደርሳል። ዝም ካልኩ ወንድምህ ይቀራል። በል፣ ምን ላድርግ?»

«ይታይሽን ልጠይቅ» አልኩ። አንዲት ሴት ቀድማ ብትጠየቅ ኖሮ እዚህ አንደርስም ነበር።

ይታይሽ ልጆቹ እስኪወጡ ጠብቄ ስነግራት እጇን አፏ ላይ ጫነች። ረጅም ጊዜ አየችኝ። ዘመዷን የምትፈልግ ይመስል አፍንጫዬን፣ ጆሮዬን፣ ግንባሬን አየች። ይህች ሴት ብትሄድብኝስ?

«ይቁጠሩ» አለች በመጨረሻ። «ደመላሽ ይዳር። እኛን ደግሞ ማን አባቱ ይለያየናል?»

መሪጌታ ጉንደ ወይን ሄዱ። በአባትየው ፊት ይቅርታ ጠየቁ፤ ቆጠሩም፤ ልጅቱም ተሰጠች። ወሬውም እንደ ተፈራው ሮብ ገበያ ገባ፤ ሁለት ሳምንት ተወርቶ ሌላ ወሬ መጣበት።

በሠርጉ ቀን አንዲት የጉንደ ወይን ሴት ከሁሉም በላይ ስትጨፍር የዋለችውን ይታይሽን ጠጋ ብላ «ለሙሽራው ምኑ ነሽ?» ስትላት ሰማሁ።

«በየትኛው በኩል?» አለቻት።