ፈተና በባላንጣ ክንድ

ማስተማር የዓይን ሥራ ነው። ተማሪ «ገብቶኛል» ሲል አፉን አትመኑት፤ ግንባሩን እዩት። ደብረ ማርቆስ ውስጥ ነርሶችን ሳስተምር የኖርኩት እንዲህ ግንባር እያነበብኩ ነው። ወረርሽኙ መጥቶ ኮሌጁ ሲዘጋ፣ ተማሪውም በየአገሩ ሲበተን ያ ሁሉ ግንባር ጠፍቶ አንድ ስልክ ቀረኝ። ድምፄን ቀድቼ በቴሌግራም እልካለሁ። ልማድ ሆኖብኝ «ግልጽ ነው?» እልና እጠብቃለሁ። የሚመልስልኝ የጎረቤት ዶሮ ነው።

ንድፈ ሐሳቡስ እንደምንም ተገፋ። የተግባር ፈተናው ሲደርስ ግን ስልክ የአህያ ባል ሆነ፤ ከጅብ አላስጥል አለ። ተማሪዎቹ የሰው ደም ግፊት ሲለኩ በቪዲዮ ቀርጸው እንዲልኩ ተወሰነ። ያልላከ ዓመቱን ይደግማል።

ብዙአየሁ የምትባል ተማሪዬ አልላከችም። ከደብረ ኤልያስ ወጣ ብሎ ባለው ቀበሌዋ ኔትወርኩ ድምፅ እንጂ ምስል አይሸከምም፤ እሱም ጉብታ ላይ ሲወጡ ነው። ከዚያው ደወለችልኝ። «መምህር፣ መለኪያውን ከጤና ኬላ ተውሻለሁ። አባቴን ልለካና እሱ ይመስክርልኝ።»

ጨካኝ ነው የሚሉኝ አሉ። እኔን ያስተማሩኝ ሰው ፋሻ ሲላላብኝ ጣቴን በመቀስ እጀታ ይመቱኝ ነበር። አንድ ክረምት ወንዝ ሞልቶ ፈተና አመለጠኝ፤ ድንጋይ ስሸከም ከርሜ ዓመቱን ደገምኩ። ከዚህ በላይ አላወራም። ብቻ ኔትወርክም ወንዝ መሆኑ ገባኝ።

ቢሆንም አባት ለልጁ ምን ብሎ ይመሰክራል? «ለአንቺ የማያዳላ ሰው ፈልጊ» አልኳት።

«ጎረቤታችን አያ ፈንቴ አሉ። ከአባቴ ጋር በድንበር ተካሰዋል።»

እናንተስ ከዚህ የተሻለ ፈታኝ ከየት ታመጣላችሁ? በእኛ አገር ድንበር የተካሰሰ ሰው ለባላንጣው ልጅ ቀርቶ ለባላንጣው በሬም ደግ ቃል አይወጣውም። አያ ፈንቴ ለምን እሺ እንዳሉ አልጠየቅኩም፤ ስትወድቅ ለማየት ይሆናል።

በማግስቱ ጉብታው ላይ ተገናኙ፤ ስልኩም ድምፁ ተከፍቶ መሃላቸው ተቀመጠ። «ዳገት ወጥተዋል አያ፣ መጀመሪያ ይረፉ» ስትላቸው ሰማሁ። ይህን ብዙ ተማሪ ይረሳዋል። ነጥቡን ያዝኩላት።

«እጇን ታጥባለች?» አልኳቸው።

«ሁለት ጊዜ! እኔን መንካት የሚያረክስ ይመስል።»

«ክንድዎ ከልብዎ ትይዩ ነው?»

«ጋቢ አጣጥፋ ከሥሩ አድርጋለች። ጋቢው የአባቷ ነው።»

ለካች። ጥቂት ቆይታ ደግማ ለካች፤ ከዚያ በሌላኛው ክንድ። ቁጥሩን ስትጠራልኝ ግፊታቸው በጣም ከፍ ብሎ ነበር። ከዚህ በኋላ እኔም ፈተናውም ተረሳን። «ነገ ጤና ጣቢያ አብረን እንሄዳለን። እስከዚያው ጨው ይቀንሱ፤ አረቄም ይቅር» ትላቸዋለች።

«ይሰማሉ መምህር?» አያ ፈንቴ ወደ ስልኩ ጮኹ። «አባቷ ድንበሬን ወሰደ፣ እሷ ደግሞ ጨዌን!»

ነጥቡን ጽፌ ጨርሼ ነበር። ግን ምስክር ጠርተው ቃሉን ሳይቀበሉ መሸኘት ነውር ነው። «እንግዲህ አያ» አልኩ፣ «ላሳልፋት ወይስ ዓመቱን ትድገም?»

የብዙአየሁ ትንፋሽ ይሰማኛል።

«ያሳልፏት» አሉ አያ ፈንቴ። «ወድቃ እዚህ ከከረመች በየቀኑ እየመጣች ልትለካኝ ነው።»