ሰባተኛው ግምጃ ቤት

ዛሬ ወጣቱ በስልኩ የሚያነባቸውን የሩቅ ምሥራቅ ታሪኮች አይታችሁ ይሆናል። ጀግናው ተራራ ላይ ይወጣል፣ እግሩን አጣጥፎ ትንፋሹን እያዳመጠ ይቀመጣል፣ ከአንድ ግምጃ ቤት ያገኛትን እንክብል ይውጣል፣ ወዲያው ማዕረጉ ከፍ ይላል። ሌላ ግምጃ ቤት፣ ሌላ እንክብል፣ ሌላ ማዕረግ። ይህ አዲስ ፈጠራ የሚመስላችሁ ካላችሁ፣ ይቅርታ አድርጉልኝና ተሳስታችኋል። እኔ በደርግ ዘመን አንኮበር፣ ጎረቤላ ከተማ አስተማሪ ሳለሁ፣ የባትሪ ድንጋይ እንኳ በሰልፍ በሚገኝበት ጊዜ፣ እንዲህ ያለውን ነገር በደብተር እጽፍ ነበር።

የእኔ ጀግና ባሕታዊ ነው። በገደልና በኮረብታ ሥር ሰባት ግምጃ ቤቶች አሉ፤ እየጾመ አንዱን በከፈተ ቁጥር በውስጡ ያገኘውን ሥር ያኝክና የአርባ ሰው ጉልበት ይጨምራል። በዚያ አገር ጌትነት በዘርም በሹመትም አይደለም፤ ቁልፍ የያዘ ሁሉ ጌታ ነው። ሐሳቡን ከሰማይ አላወረድኩትም። የደብር አለቃ የነበሩት አባቴ የቀበሌውን ስኳር መጋዘን ቁልፍ ለያዘው ጎረምሳ ከመቀመጫቸው ሲነሡ በዓይኔ አይቻለሁ።

አንባቢዬ አንዲት ብቻ ነበረች። ዘይነባ የአልዩ አምባ የጨው ነጋዴ ልጅ ናት፤ እዚያው ቆላ መሠረተ ትምህርት ታስተምራለች። ለስብሰባ ወደ ጎረቤላ ስትወጣ ተዋወቅን። ከዚያ ወዲህ በገበያ ቀን ደብተሬ በአባቷ ጭነት በቅሎ ይወርዳል፣ በሳምንቱ በኅዳጉ ላይ የእርሳስ ጽሑፏን ይዞ ይመለሳል። «መምህር፣ ይህ ሰውዬ ሥሩን ሁሉ አኝኮ ከጨረሰ ግምጃ ቤቱን ማን ይሞላዋል? ወላሂ የእኛ ሱቅ ቢሆን በወሩ ይዘጋ ነበር።» ነጋዴ የወለዳት! እስቅና በሚቀጥለው ምዕራፍ ባሕታዊውን ሥር ሳስተክለው እውላለሁ። ደብተሩ እስኪመለስ ድረስ ግን ሳቁ የለም። ከትምህርት ቤት መልስ ገደሉ አፋፍ ላይ ቆሜ ጉም የሸፈነውን ቆላ ሳይ እመሻለሁ። እወዳት ነበር። እኔ የቄስ ልጅ፣ እሷ የሐጂ ልጅ መሆናችንን የምረሳው ስጽፍ ብቻ ነው።

ስለዚህ የልቤንም በጽሑፍ ልነግራት ቆረጥኩ። ሰባተኛውን ምዕራፍ በአዲስ ደብተር ጻፍኩ። ባሕታዊው ከአንድ ኮረብታ ሥር ካለው የመጨረሻ በር ፊት ቆሞ እንዲህ ይላል፦ «በዚህ ቤት ያለውን የምታውቂው አንቺ ብቻ ነሽ። እሺ ካልሽኝ ይከፈታል።»

ደብተሩን ለበቅሎ ነጂው ሳላስረክብ የቀበሌ ጥበቃዎች ኬላ ላይ ፈትሸው ነጠቁኝ።

የአንኮበርን ሰው ታውቁት እንደሆነ፣ የድሮ ነገሥታት ሀብት ቤተ መንግሥታቸው በነበረበት ኮረብታ ሥር ተቀብሯል ብሎ የማያምን የለም። እግዜርን የካደው የቀበሌያችን ሊቀ መንበር እንኳ ይህን አልካደም። ቢሮው አስጠርቶ ደብተሩን ፊቴ ዘረጋው።

«ጓድ መምህር፣ በሩ የት ነው?»

«ፈጠራ ነው ጓድ ሊቀ መንበር።»

«ይህቺ ‹አንቺ› የምትላትስ? እሷም ፈጠራ ናት?»

ስሟን ብጠራ ነገሩ እዚያው በሳቅ ያልቅ ይሆናል፤ ወይም እሷንም አስጠርተው ያስጨንቋት ይሆናል። ወሬው ግን በገበያው ቀን አባቷ ዘንድ መድረሱ አይቀርም። ዝም አልኩ። ዝም ማለቴ ምሥጢር መስሎት ገበሬውን በዘመቻ አስወጥቶ ኮረብታውን ሦስት ቀን አስቆፈረ። አንድ ገል እና የዛገ እርካብ ተገኘ። ደብተሬ ፋይል ውስጥ ገባ፤ እኔም ደብተር ይዤ ኬላውን እንዳላልፍ ተከለከልኩ።

ባዶ እጄን መውረድ ግን ማንም አልከለከለኝም። ይህን እናንተ ሳትጠይቁኝ እኔ ራሴን ስንት ጊዜ ጠይቄዋለሁ። የሁለት መቶ አርባ ሰው ጉልበት ያለው ጀግና የፈጠርኩ ሰው፣ አንዲት ዓረፍተ ነገር ይዤ ቁልቁለት ለመውረድ ጉልበት አጣሁ። ነገ እያልኩ ስከርም ወደ መዘዞ ተዛወርኩ።

ከዓመታት በኋላ ደብረ ብርሃን መናኸሪያ አገኘኋት። አረርቲ ላለ ነጋዴ ተድራ ሁለት ልጆች ወልዳለች። የምትሳፈርበት አውቶቡስ ሞተሩን አስነሥቷል።

«መምህር፣ ታሪኩን ምነው አቋረጥክብኝ? ሰባተኛው ቤት ውስጥ ምን ነበር?»

ልጆቿ ቀና ብለው ያዩኛል።

«ወርቅ» አልኳት።

«ወርቅ ብቻ?»

«ወርቅ ብቻ።»

ትንሿን ልጅ አቅፋ ደረጃው ላይ ወጣችና ዞር አለች። «እኔ እኮ ሌላ ነገር መስሎኝ፣ ደብተሩ እስኪመጣ ብዬ ሁለት ጊዜ ሽማግሌ አስመልሼ ነበር» አለችኝ።

አውቶቡሱ ሄደ። እኔ የመጣሁት የመዘዞውን ልጠብቅ ነበር፤ ጠበቅሁት።