ጭስ የናፈቀው ደርብ ቤት

ሰው ሲያረጅ ልጅ ይሰበሰብለታል፤ ቤት ሲያረጅ ባለሙያ ይሰበሰብለታል። ጣጣው ሰውና ቤት አብረው ያረጁ እንደሆነ ነው። ማን ይቅደም?

በእኛ ዘንድ የቀደመው ቤቱ ነው። ላሊበላ ዳገቱ ላይ፣ አያቴ በድንጋይና በጭቃ ያቆሙት ክብ ደርብ ቤት ነበረን፤ ከታች ከብቶቹ፣ ከላይ እኛ። እናቴ እኔን የወለደችውም፣ ያረፈችውም እዚያው ደርብ ላይ ነው። አንድ ቀን የቅርስ ባለሙያዎች መጡና ቤቱን በሜትር ለክተው፣ ግድግዳውን በአክብሮት ዳብሰው፣ ቤተ መዘክር እንዲሆን ወሰኑ። እንዲህ ያለ ቤት እየጠፋ ነው አሉ። እውነታቸውን ነው። ለአባቴ በአዲሱ ሰፈር የቆርቆሮ ቤት ተሰጣቸውና ወጡ። ሲወጡ አንድ ነገር ብቻ ተናገሩ፤ "ልጆቼ፣ የምድጃው እሳት እንዳይጠፋ። ጭስ ያላገኘ የሳር ክዳን ክረምት አያሻግርም።"

የባለሙያዎቹ ኃላፊ ፈገግ አለና፣ "አባባ፣ ቅርስ ውስጥ እሳት አይነድም" አላቸው። መመሪያው ላይ ተጽፏል። መመሪያ ደግሞ እንደ አባቴ ወሬ አይደለም፤ ማኅተም አለው።

ሁለት ክረምት አለፈ። በሦስተኛው ምስጥ ማገሩን ጨረሰው፣ ሳሩ በሰበሰ፣ የጣሪያው እኩሌታ እናቴ ባረፈችበት በኩል ተደረመሰ። አባቴ ሄደው አዩት። ማንንም አልወቀሱም። የወደቀውን ሳር ጎንበስ ብለው በእጃቸው ሲሰበስቡ ዋሉ። ያን ቀን እህል አልቀመሱም።

ጣሪያው እንደገና ሲከደን ኃላፊው ራሱ ሰፈራችን ድረስ መጣ። አንገቱን ደፍቶ፣ "አባባ፣ ምን ይሻላል?" አላቸው።

"ማንደድ ነዋ" አሉት።

ማን ያንድድ? እንግዲህ አባቴ የገዛ ቤታቸውን ሊያሞቁ በቤተ መዘክሩ ተቀጠሩ። ጠዋት ይገባሉ፤ አመሻሽ ላይ ዘበኛው ቆልፎ ይሸኛቸዋል። ቤቱ እንዳይጎዳ ብለው ያስወጧቸው ሰዎች፣ ቤቱ እንዳይጎዳ ብለው መለሷቸው።

በቀደም ምሳ ላደርስላቸው ስሄድ አንድ አዲስ አስጎብኚ እንግዶች ይዞ ገባ። አባቴ ምድጃው ዳር ቁጭ ብለው የወይራ ፍልጥ ያገጣጥማሉ። አስጎብኚው እጁን ወደ ደርቡ እየዘረጋ በእንግሊዝኛ ብዙ ተናገረ። እንግዶቹ በሐዘን ራሳቸውን ነቀነቁ።

"ምን እያለ ነው?" አሉኝ አባቴ ቀስ ብለው።

ልዋሽ አስቤ ነበር፤ አልሆነልኝም። "እዚህ ቤት ይኖሩ የነበሩት ሰዎች ካለፉ ቆይተዋል ነው የሚለው" አልኳቸው።

እሳቱን ቆስቆስ አደረጉና፣ "ነፍስ ይማር" አሉ።