ደጅ ላይ የካደችኝ ልጅ

ቅናት ሲነሳ እናንተ ቶሎ ትዝ የሚላችሁ ባልና ሚስት ነው። አልፈርድባችሁም፤ ወሬውም ዘፈኑም እዚያው ላይ ነው የሚሽከረከረው። አንድ ጎልማሳ ሰውዬ እናቱ ልትሆን በምትችል ጎረቤቱ ምግብ እስኪዘጋው ቀና ቢባል ግን ማን ያምናል? እኔ ቀንቻለሁ። እንደ ጉንፋን ሳላስበው ነው የያዘኝ።

ነገሩ የሆነው ሐርጌሳ ፍርስራሿን እየጠረገች እንደገና በምትሠራበት ዘመን ነው። የወሎ ልጅ ነኝ፤ ሙያዬ ልስን ነው። በጥይት የተበሳሳ ግድግዳ ስደፍን እውላለሁ። ባለቤቴ ዘይነባ ሆቴል ውስጥ ልብስ ታጥባለች። ሁለታችንም ማለዳ ወጥተን አመሻሽ ላይ ስለምንመለስ፣ የሦስት ዓመት ተኩል ልጃችንን ፈቲያን ሼክ ኑር በሚባለው ሰፈራችን የሚኖሩ ጎረቤታችን ኤዶ ሳህራ ይይዙልን ነበር። «ኤዶ» እዚያ አገር ታላቅ ሴት በአክብሮት የምትጠራበት ነው፤ አክስት እንደ ማለት። በስደት ዘመናቸው ጅጅጋ ገበያ የለቃቀሟት አማርኛ አለቻቸው፤ ወንዱንም ሴቱንም «አንተ» የምትል አማርኛ።

ፈቲያ በስድስት ወር ሶማልኛውን አቀላጠፈችው። ከሥራ ስመለስ ሁልጊዜ የማገኛቸው ከኤዶ ደጅ ካለው ግራር ሥር ነው። ልጄ ጭናቸው ላይ ተቀምጣ፣ ጣቷን አንዴ ወደ ደመናው አንዴ ወደ ፍየሏ እየቀሰረች ታወራለች፣ ትጠይቃለች፣ ትከራከራለች። አንዱም አይገባኝም። ቤት ስንገባ ለእኔ የሚደርሰኝ «አባ፣ ውሃ» እና «አባ፣ እንቅልፌ መጣ» ነው። ፍልስፍናዋ ለእሳቸው፣ ጥማቷ ለእኔ።

አንድ ቀን ከሥራ ባልደረባዬ ከከማል ጋር ብስኩት ይዤ መጣሁና ከመንገዱ ሆኜ «ፈቲያ! አባ መጣ፣ ነይ!» አልኳት። መጣች። ብስኩቱን ተቀብላ በሶማልኛ አንድ ነገር አለችኝ።

«በአማርኛ ንገሪኝ» አልኳት።

«ማያ» አለች ራሷን እየነቀነቀች። አይሆንም ማለቷ ነው። ይቺን እንኳን አውቃታለሁ።

ከማል ሳቀ። «ልጅህን ቀሙህ እኮ!»

ቀልዱ ነበር። እኔ ግን ብስኩት አልቀረኝም፣ ልጅም አልቀረኝም ብዬ አንጀቴ አረረ። ሴትየዋ ቋንቋዬን አስንቀውብኛል አልኩ። ቤት እንደገባን ለዘይነባ ቁርጡን ነገርኳት፤ «ከነገ ጀምሮ ኤዶ ዘንድ አትሄድም።»

«እና ማን ሊይዛት ነው?»

«እኔ።»

«እየለሰንክ?»

«እየለሰንኩ!»

የቀና ሰው የማይችለው ነገር የለም።

በማግስቱ «26 ጁን» በሚባለው ሰፈር ወደሚገኘው ሥራዬ ይዣት ሄድኩ። ቤቱ ሁለት ክፍል ነው፤ አንደኛው ቆርቆሮ ለብሷል፣ ሌላኛው ገና ጣራ አልወጣለትም። ጣራ የሌለው ውስጥ፣ ከግድግዳው ጥላ ሥር ባዶ ከረጢት አንጥፌ አስቀመጥኳትና ሥራዬን ጀመርኩ። እራበሽ ወይ ስላት በሶማልኛ። ደከመሽ ወይ ስላት በሶማልኛ። መጀመሪያ ተናደድኩ፤ በኋላ ንዴቱም ለቀቀኝና ሆድ ባሰኝ። የገዛ ልጄን ለማናገር አስተርጓሚ ልቅጠር?

ቀትር ላይ ፀሐዩ ሲከርር ቆርቆሮ ወደለበሰው ክፍል ወሰድኳት። ደፉን ከመሻገሯ፣

«አባ፣ ግድግዳው ቁስሉ ያመዋል?» አለችኝ። በጠራ አማርኛ!

የምለስንበት መለሰኛ ከእጄ ወደቀ። «ያመዋል፤ እያከምኩት ነው» አልኳት። ወደ ግቢው አወጣኋትና ያንኑ ጉዳይ አነሳሁባት፤ በሶማልኛ መለሰች። መልሼ አስገባኋት፤ አማርኛ። ጣራ የሌለው ክፍል ደጃፍ ላይ ስንደርስ ቆም ብላ ሽቅብ አየች፣ ሰማዩን አገኘችው፣ ፈረደች። ሶማልኛ። በመጨረሻ አንድ እግሯን ውስጥ አንዱን ውጭ አድርጌ አቆምኳትና «አሁን አናግሪኝ» አልኳት። እግሮቿን ተራ በተራ አየች፣ አፏን ከፈተች፣ ዘጋች፣ ከዚያ በሳቅ ፈረሰች።

ማንም አላስተማራትም። ጣራ ሥር የምትሰማው አማርኛ ነው፤ ውጭ የምትሰማው ሶማልኛ ነው። አስተውላ፣ አመዛዝና፣ ለራሷ ሕግ አወጣች። እኔ ናቀችኝ ብዬ ስንገበገብ ልጅቷ ሕግ እያከበረች ነበር።

ሲመሽ ይቅርታ ልጠይቅ ኤዶ ዘንድ ሄድኩ። ፊታቸው ጠቁሯል። «ልጁን ከኔ ቀማህ» አሉኝ። እኔም አፍሬ ቅናቴንም ሕጓንም አንድ በአንድ ነገርኳቸው። ስጨርስላቸው ሁለት ጉልበታቸውን በመዳፋቸው መቱ።

«ወላሂ! እኔ አንተ የከለከለ መስሎኝ!»

«ምኑን ኤዶ?»

«ሶማልኛውን ነዋ! ቤቴ ከገባ አማርኛ፣ አማርኛ፣ አማርኛ! እኔ ቤቴ ውስጥ እንግዳ ሆንኩ። አባቱ ነው እንዲህ ያለው ብዬ ተናደድኩ። ሶማልኛ እንዲያወራኝ ነው እኮ ዛፍ ሥር የማስቀምጠው፣ በዚህ ንፋስ፣ በዚህ አቧራ!»

ያ እኔን ያንገበገበኝ የግራር ጥላ ለካ የእሳቸው መሸሸጊያ ነበር። ሁለት ትልልቅ ሰዎች፣ እሳቸው በእኔ ቤት፣ እኔ በእሳቸው ዛፍ ቀንተን ከርመናል።

ፈቲያ በማግስቱ ወደ ኤዶ ተመለሰች። ሕጓን እንዴት እንደምናስተካክልላት ከኤዶ ጋር ስንመካከር ሰነበትን፤ ሳንጨርስ ራሷ ሻረችው። አሁን የምታየው ጣራውን ሳይሆን የሰውየውን ፊት ሆነ፤ ለኤዶ ሶማልኛ፣ ለእኔ አማርኛ፣ የትም ይሁን የት። ማንንም አላማከረችም።

እኔም ዳንኩ ብዬ ነበር። አንድ ዓርብ ከሰዓት ሦስታችን ኤዶ ቤት ተቀምጠን ሳለ፣ ፈቲያ እኔን ትክ ብላ አየችኝና ወደ ኤዶ ጆሮ ጠጋ ብላ በሶማልኛ አንሾካሾከች። ኤዶ እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ።

«ምን አለች?» አልኩ። ኤዶ በሻሻቸው ዓይናቸውን ጠረጉ። ወደ ልጄ ዞርኩ።

«ምንም አይደለም አባ» አለችኝ፤ «የትልቅ ሰው ወሬ ነው።»