የጦጣው መጫወቻ

እኛ አገር አሻንጉሊት የሚገዛው ለልጅ ነው ያላችሁ ማነው? የሚገዛው ለቡፌ ነው። ልጁ በመስታወት እያየው ያድጋል፤ እጁን የሰደደ ዕለት «ተው፣ ታበላሸዋለህ!» ይባላል። የኔም ልጆች ያደጉት እንዲሁ ስለሆነ ማንንም ለመውቀስ አፍ የለኝም። ግን እወቅሳለሁ።

ሶዶ ውስጥ፣ ከኦቶና ሆስፒታል ዝቅ ብሎ፣ ከማስተምርበት ትምህርት ቤት ስወጣ ምሳ የምበላበት ምግብ ቤት አለ። ግቢው ውስጥ በሽቦ ቤት የተዘጋበት አንድ ጦጣ አለ። እንግዳው ሙዝ ይወረውርለታል፣ ፎቶ ያነሳዋል፣ ይሄዳል። ጫካ ቢሆን ቅጠል ሲገልጥ፣ ፍሬ ሲፈለፍል፣ ከዘመዶቹ ጋር ሲጣላ በዋለ ነበር። እዚህ ግን የሚሠራው ቢያጣ የገዛ ክንዱን ፀጉር ነጭቶ ጨርሶ ቆዳውን መንከስ ጀምሯል። ሰው ይኼን እያየ ክትፎ ይበላል!

የባዮሎጂ አስተማሪ ነኝና አንገበገበኝ። የውሃ ፕላስቲክ ጠርሙስ በሳሁና ለውዝ ሞላሁበት፤ እያገላበጠና እያራገፈ እንዲያወጣው። ቀይ ኳስም ጨመርኩ። ለባለቤቱ ለጋሼ ማርቆስ ሰጠኋቸው። «ጌታ ይባርክህ መምህር!» ብለው በሁለት እጃቸው ተቀበሉኝ።

በማግስቱ ስመጣ ኳሱም ፕላስቲኩም አሉ። ከሽቦው ውጪ፣ ከፍ ብለው፣ በገመድ ተንጠልጥለው። ጦጣው እጁን አሾልኮ ይንጠራራል። አይደርስም።

«ጋሼ፣ ምነው?»

«ውስጥ ቢገባ እኮ ያበላሸዋል! እዚህ ሲሆን ለግቢውም ያምራል።»

ደሜ ፈላ። «ይበላሻ! ለመበላሸት ነው የተገዛው!» ብዬ ተመጋቢው ሁሉ እያየኝ ወንበር ላይ ወጣሁ፣ አወረድኩና አስገባሁለት። ጦጣው ፕላስቲኩን አሸተተ፣ ገለበጠ፣ አራገፈ። አንዲት ለውዝ ወደቀች። ምሳዬ እስኪቀዘቅዝ ቆሜ አየሁት፤ ክንዱን አንዴም አልነከሰም። ጋሼ ማርቆስም «ወይ ጉድ፣ ለካ ሥራ አጥቶ ነው!» አሉ። ገባቸው ብዬ ደስ አለኝ። እኔ ሞኙ!

በሳምንቱ ሌላ ፕላስቲክ ሞልቼ ሄድኩ። ጋሼ ማርቆስ ገና ከበሩ ክንዴን ይዘው እየጎተቱ ወሰዱኝ። ከሽቦ ቤቱ ጎን አዲስ የሽቦ ቤት ተሠርቷል። ውስጡ ጡት ያልጣለች የጦጣ ግልገል ጥጓን ይዛ ትንቀጠቀጣለች።

«ከሁምቦ ጫካ አስመጣኋት» አሉኝ በኩራት። «መላውን አንተ አሳይተኸን የለ? ከእንግዲህ እሱም እሷም እየተያዩ አይደብራቸውም።»

ስድቡ ጉሮሮዬ ድረስ መጣ። ማንን ልሳደብ? እኔው ነኝ ያስመጣኋት። ፕላስቲኩን በሽቦው አሾልኬ አጠገቧ አስቀመጥኩላት። ዘወር ብላም አላየችው። ለውዝ ምን ያደርግላታል፣ እናቷን ነው የምትፈልገው።